ደበሌ ሻንካን በሻሺቱ በር ላስገባው መፈለጊያ

ኅዳር 2012 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ

ለክቡር የኢንተርኔት መፈለጊያ ሹም፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንደ እኛ ሰፈር ኔትወርክ ብልጭ ድርግም የማይል፣ ቤትዎም መብራት የማይጠፋበት እንዲሆን እየተመኘሁ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ስለ እኔ የጠየቁ እንደሆነ፣ ከጉልበቴና ከቅናቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ሐኪም ይዞልኛል፤ ቅናቴ ግን የእርስዎ የእጅ ሥራ ስለሆነ መድኃኒቱንም ከእርስዎ መጠየቅ ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለማውጣት የተገደድኩት አድራሻዎን ባለማግኘቴ ነው። እርስዎን በእርስዎ ውስጥ ፈልጌ ነበር። «የመፈለጊያው ኃላፊ የት ይገኛሉ?» ብዬ የጥያቄ ምልክቱን ሳልዘነጋ ጻፍኩ፤ እርስዎም በቸርነትዎ ሐይቅ የሚያሳይ መኝታ ክፍል ያለው ሆቴልና አፉን የከፈተ አዞ አሳዩኝ። ሁሉን የሚያገኝ ሹም ራሱ አይገኝም ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ሹማምንት በአገራችንም ስለለመድን አልተደነቅኩም።

ስሜ ዓለምጸሐይ ተክለወልድ ይባላል። እዚሁ አርባ ምንጭ የሲቀላ ሰፈር ነዋሪና ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህርት ስሆን፣ «ዝክረ ልሳን» የተባለ ፖድካስት አለኝ። ይኸውም የጋሞ አረጋውያን የሚያውቁትንና የሚያስታውሱትን በስልኬ እየቀዳሁ ኢንተርኔት ላይ የማኖረው፣ አድማጭም በተመቸው ሰዓት የሚሰማው ዝግጅት ነው። ይህን በዝርዝር የማስረዳዎ መኖሩን እንደሚያውቁ የሚያሳይ ምልክት እስከ ዛሬ ከእርስዎ ስላላየሁ ነው።

አቤቱታዬን በተራ አቀርባለሁ። ያስተማሩን ሰዎች «ተራ የሌለው አቤቱታ ለቅሶ ነው» ይሉን ነበርና።

አንደኛ፤ ስለ ደረጃ አሰጣጥዎ።

ወይዘሮ ሻሺቱ የአጥር ጎረቤቴ ናት። በልጅነታችን በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለተማርን «አንቱ» ለመባባል የሚበቃ ርቀት በመካከላችን ኖሮ አያውቅም፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ ሻሺቱ እያልኩ ብቀጥል እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በአማርኛ ድርሰት አንደኛ እኔ ነበርኩ። እሷ በእጅ ጽሕፈት አንደኛ ነበረች። ትምህርቱን ስንጨርስ እኔ ወደ መምህርነት ሄድኩ፤ እሷ ፖስታ ቤት ገብታ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስትለይና ማኅተም ስትመታ ኖራ ጡረታ ወጣች።

ፖድካስት የጀመርኩት እኔ ነኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር እባክዎ ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ። ግቢዬ ውስጥ ተቀምጬ ስቀዳ ሻሺቱ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «ዓለም፣ ብቻሽን ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለችኝ። ነገርኳት። ነገሩን ለማንም አስረዳለሁ፤ ሙያዬ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከአጥሩ ወዲያ እሷም ብቻዋን ስታወራ ሰማሁ።

የእሷ ዝግጅት «ሻሺቱ ከሲቀላ» ይባላል። ስሙን ልብ ብለው ይመልከቱልኝ፤ የባለቤቱ ስምና ሰፈር ነው፤ የቀረው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ ነው። የእኔ መግቢያ አለው፣ ሐተታ አለው፣ መደምደሚያ አለው፤ በመካከሉ አድማጭ የሚያስብበት ዝምታ አለው። የእሷ «ሰላም ነው? ሻሺቱ ነኝ። ዛሬ ስለ ዳጣ ነው» ብሎ ይጀምርና ስለ ዳጣ ተናግሮ ያበቃል። ዳጣ ለማያውቅ አንባቢ፣ እኛ አገር ዓሣና ሥጋ የሚበላበት፣ እንባ የሚያስወርድ የቃሪያ ማባያ ነው። ታዲያ አሠራሩን ለማወቅ ወደ እርስዎ የመጣ ሰው ሁሉ ዛሬ በቀጥታ ወደ ሻሺቱ ይላካል። ስለ ዳጣ ከእሷ አስቀድሜ፣ «ምላስን የሚያነድ ጥበብ» በሚል ርእስ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። ይህን ርእስ ራሴ ጽፌ እርስዎ ምን እንደሚያሳዩ ፈተንኩዎ። የአፍ ቁስል መድኃኒት አሳዩኝ። ስለ ጤንነቴ ስላሰቡልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጆሮዎ።

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ቤት ያላት ፌቨን የምትባል ሴት አለች። ተማሪዬ ነበረች፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ችግሬን ይዤ ሄድኩባት። አድማጮቼ እነማን እንደሆኑ በማሽኗ አየችልኝና ማሽኑን ወደ ራሷ ዞር አደረገችው። ያደረገችው ለአክብሮት ነበር፤ በኋላ እንደገባኝ ከአድማጮቼ አንዷ እሷው ራሷ ነበረች።

«ቲቸር» አለችኝ፣ ይህን ቃል እንደማልወደው እያወቀች። «አዲስ ሰው እንዴት ነው እርስዎን የሚያገኘው? ርእስዎን እኮ አያውቀውም። የማያውቀውን ምን ብሎ ይጽፈዋል? የቸገረውን ነው የሚጽፈው።»

«ሹሙ ድምፁን ሰምቶ አይፈርድም እንዴ?»

«የቱ ሹም?»

«የመፈለጊያው ነዋ።»

«እሱማ አይሰማም ቲቸር! የሚያየው ርእሱንና ከሥሩ የተጻፈውን ነው። ከሥሩ ምን ብለው ጽፈዋል?»

ከሥሩ የጻፍኩት በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነበር። «መልካም ማድመጥ» ይላል።

ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን ወደ ቤቴ የተመለስኩት ባጃጅ ሳልይዝ ነው፤ መንገዱ ለንዴቴ አልበቃኝም። ሰው ሁሉ ምን እንዲያደምጥ የሚወስኑት እርስዎ፣ አንድም ቀን አድምጠው የማያውቁ ኖረዋል! የልሳን ጥራት፣ የትንፋሽ አወጣጥ፣ ቃልን በቦታው ማሳረፍ፣ ይህ ሁሉ ለእርስዎ ለካስ የለም። ሠርግ ቤት ተቀምጦ ወጥ ሳይቀምስ ሙያ የሚሸልም ዳኛ ከዚህ ቀደም አላጋጠመኝም ነበርና ዕውቀቴን ስላሰፉልኝ ባለዕዳዎ ነኝ።

ፌቨን እንደነገረችኝ ክቡርነትዎ የሚወዱት ይህን ነው፤ ርእሱ ነገሩን በሙሉ እንዲዘረግፍ፣ ፈላጊው በተቸገረ ጊዜ በገዛ አፉ የሚለውን ቃል እንዲይዝ፣ ከሥሩም ማን ስለ ምን እንደተናገረ በግልጽ እንዲጻፍ፣ ቢቻል ንግግሩ በሙሉ በጽሑፍ እንዲገለበጥና ያው ቃል በየቦታው እንዲደጋገም። እኛን ድርሰት ያስተማሩን ሰው ደግሞ ርእስ መጋረጃ ነው ይሉ ነበር፤ የቤቱን ዕቃ የሚያሳይ መጋረጃ ካየህ ጨርቁ አልቋል ማለት ነው። በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንድ ቃል የደገመ ልጅ መዳፉን ዘርግቶ በማስመሪያ ይቀበል ነበር። እኔ ደግሜ አላውቅም። ሻሺቱ ትደግም ነበር፤ መዳፏ ሁልጊዜ ቀይ ነበር። እርስዎ ግን ዛሬ ያንን መዳፍ ይስሙታል።

ሦስተኛ፤ ስለ ልክነሽ ሻንካና ስለ ወንድሟ።

እስከዚህ ያነበቡት ለመንደርደሪያ ነው።

ልክነሽ የኦቾሎ ሰው ናት። ኦቾሎ ከአባያ ሐይቅ በላይ በተራራው ጫፍ ላይ የተቀመጠ የሸማኔዎች መንደር ነው፤ በወጣትነቴ ለማስተማር ተመድቤ ስሄድ ያረፍኩት በእሷ ቤት ነበር። ጋሞኛ ያስተማረችኝ ልክነሽ ናት። እኔ የእሷን ቋንቋ በሚገባ ተምሬ እሷ ከእኔ አማርኛ ሳትማር መቅረቷ የማስተማር ችሎታዬን ዝቅ እንዳያደርግብኝ፤ ሥራ ነበረባት። ጥጥ ትፈትላለች።

ታናሽ ወንድሟ ደበሌ ገና ልጅ ሳለ፣ የአባቱ ዘመድ ነኝ ያለ አንድ ሸማኔ «ሙያውን ላስተምረው» ብሎ ወደ አዲስ አበባ ወሰደው። እንዲህ የሚሄዱ ልጆች በዚያ ዘመን ብዙ ነበሩ። ደበሌ አልተመለሰም። አባት ሞተ፤ እናት ሞተች፤ ሁለቱም ተለቀሰላቸው። ደበሌ ግን መርዶው ስላልመጣ ሊለቀስለት አልቻለም፤ ደኅና ነው የሚልም ስላልመጣ ማንም ስለ እሱ ደስ ሊለው አልቻለም። ልክነሽ በፈተለች ቁጥር ከምርጡ ጥቂት ለብቻ ታስቀምጥለታለች። «ሸማኔ አይደለም እንዴ? ሲመጣ ለራሱ ይሠራዋል» ትላለች።

ይህን ታሪክ በመጀመሪያ የቀዳሁት እኔ ነኝ። እሷ በጋሞኛ ተናገረች፤ እኔ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መለስኩት። ለራሴ ማርክ በመስጠት የታወቅኩ አይደለሁም፤ ነገር ግን በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። «ክፍል ዐሥራ ሰባት፤ የተቋረጠው ክር» ብዬ ሰየምኩት። ከሥሩም፦ መልካም ማድመጥ።

ከዚያ ወዲህ ልክነሽ ለገበያ በወረደች ቁጥር በሬን ታንኳኳለች።

«ሰማ?» ትለኛለች።

«ገና ነው።»

«ድምፄ አነሰ እንዴ?»

«ድምፅሽ ምንም አይልም።»

«እንግዲያው ምን ይዞት ነው?»

«ጥሩ ነገር ሲዳረስ ቀስ ብሎ ነው» እላታለሁ። አምና ሙሉ ይህንኑ አልኳት። ክረምት ወጣ፣ ክረምት ገባ። እሷም «እሺ አስተማሪዬ» ብላ ሸክሟን አንሥታ ትሄዳለች።

አንድ የገበያ ቀን ግን በሬን አልፋ ሄደች። የሻሺቱ በር ሲንኳኳ ሰማሁ። በአጥር ቀዳዳ አሾለቅኩ እንዳይሉኝ፤ አጥሩ በዚያ በኩል ራሱ ክፍት ነው።

ሻሺቱ ጋሞኛ አታውቅም፤ ልክነሽም የምታውቀው የገበያ አማርኛ ነው። እንዲያም ሆኖ ሻሺቱ በርጩማ ሰጥታ አስቀመጠቻትና ደብዳቤ ይዞ የፖስታ ቤት መስኮት ላይ የቆመን ሰው በምትጠይቅበት ቃል ጠየቀቻት። «ስሙ ማነው? የአባቱስ? ከየት ነው የሄደው? ወዴት? ለምን ሥራ? ፈላጊውስ ማነው በይ?» ዝግጅቱን በዚያው ቀዳችው፤ እንቁላል ተጥዶ እስኪበስል አልቆየም። ርእሱንም እንዲህ አለችው፦ «ከጋሞ ኦቾሎ በልጅነቱ ለሽመና ወደ አዲስ አበባ የተወሰደው ደበሌ ሻንካ፤ እኅቱ ልክነሽ ሻንካ ትፈልገዋለች።» ከሥሩ ያንኑ ደገመችው። ከዚያ በታች የራሷን ስልክ ቁጥርና ያንኑ እንደገና። ይህ ርእስ ነው? ይህ በፖስታ ፊት ላይ የሚጻፍ አድራሻ ነው። መጋረጃ የለው፣ ምሥጢር የለው፣ አንድ የተመረጠ ቃል የለው።

ክቡርነትዎ ግን እጅዎን ዘርግተው ተቀበሏት።

አዲስ አበባ የምትኖር ጽጌሬዳ የምትባል ሴት፣ አባቷ ስለ ልጅነቱ ከሚያስታውሰው ጥቂት ነገር ተነሥታ፣ «ከኦቾሎ ለሽመና የተወሰዱ ልጆች» ብላ ጻፈችልዎ። አባቷ ደበሌ ነው። የወሰደው ሰው «ቤተሰብህ በበሽታ አልቋል፤ የምትመለስበት የለህም» ብሎ ስለነገረው፣ ያንን አምኖ ሸማ እየሠራ ልጅ አሳድጎ ኖሯል። እርስዎ ይህችን ሴት ከዓለም ወሬ ሁሉ መካከል እጇን ይዘው አውጥተው እስከ ሻሺቱ በር አደረሷት። ያን ያህል አገር አቋርጦ የመራ ሹም፣ አንድ አጥር ፈቅ ብሎ ወደ እኔ ማለት ምን ያህል ያደክመዋል?

«ዓለም! ዓለም! ተገኘ እኮ!» ስትል ሰማሁ ሻሺቱ በአጥሩ ላይ።

«ማን?» አልኩ። ማን እንደሆነ ከድምፅዋ አውቄ ነበር።

«ደበሌ ነዋ! በሕይወት አለ! ልጁ ደወለችልኝ!»

«እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። እንኳን ደስ አለን አላልኩም። መምህርት ነኝ፤ ያልሆነ ነገር በአፌ አይወጣም። ወደ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ክፍል ዐሥራ ሰባትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አደመጥኩት። የልክነሽ ድምፅ ደኅና ነበር። የእኔም አማርኛ ነቀፋ አይወጣለትም። ክቡር ሆይ፣ እንከን የሌለበት ሥራ አቅፎ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚሰማው አያውቁትምና አልገልጽልዎትም።

የሚገናኙበት ቀን በሻሺቱ ግቢ፣ በማንጎው ሥር ሆነ። የት ሊሆን ኖሯል? ተጠርቼ ስለነበር ሄድኩ፤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ልክነሽ ከኦቾሎ ዘመዶቿ ጋር ወርዳ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ ፈትሏን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። ደበሌ ከባጃጅ ሲወርድ ልጁ ክንዱን ይዛው ነበር። ሸብቷል፤ እንደ ሸማኔ ሁሉ ጀርባው ጎብጧል። ተቃቀፉ፤ ሰዉም አለቀሰ። ከዚያ ተቀመጡና ተያዩ።

እንግዲህ ማንም ያላሰበው ነገር ያን ጊዜ ታወቀ። ደበሌ ጋሞኛ ጠፍቶበታል። ልክነሽ ስትናገር አፏን ያያል እንጂ አንድም ቃል አይይዝም። እሱ በአማርኛ ሲናገር እሷ በገበያ የምታውቀውን ቃል ስትፈልግበት አታገኝም፤ ሽንኩርትና ሙዝ አይደለም የሚያወራው። ጽጌሬዳ ወደ ሻሺቱ ዞረች። ሻሺቱ ዙሪያዋን ተመለከተችና በመጨረሻ ወደ ኋላ ረድፍ አየች።

«ዓለም፣ ነይ ወደዚህ። አይግባቡም እኮ።»

ከመቀመጫዬ የተነሣሁት ቀስ ብዬ ነው። ለጉልበቴ ብዬ ብቻ አይደለም። በርጩማዬን በሁለቱ መካከል አስቀመጡልኝ።

ልክነሽ ቋጠሮዋን ፈትታ ያን ሁሉ ዘመን ያጠራቀመችለትን ፈትል ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። ደበሌ የክሩን ጫፍ ያዘ፣ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፣ ወደ ብርሃን አነሣው፤ ከዚያም በእኔ በኩል ለእኅቱ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረ።

«ይኼ ወፍሯል።»

ጽጌሬዳ «አባዬ!» ብላ እጁን ቆነጠጠችው። ሻሺቱ በዓይኗ «ተይው፣ አትንገሪያት» አለችኝ። እኔ ግን የሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር አቃንቼ እንጂ ለውጬ አላውቅም፤ ይህ ደግሞ የሚቃናም አልነበረበትም። እንዳለ አስተረጎምኩላት።

ልክነሽ መጀመሪያ እኔን አየች፤ ከዚያ እሱን። ከዚያ ነጠላዋ ከራሷ እስኪወድቅ ሳቀች። «ሻንካ ነው!» አለች። «የአባቴ አፍ ነው! ያ ሰው እናታችን የፈተለችውን አንድ ቀን እንኳ ጥሩ ነው ሳይል ነው የሞተው!» ይህንንም ለደበሌ አስተረጎምኩለት። አባቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ እስከዚያች ሰዓት የነገረው አልነበረም። ፈትሉን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ።

ቀጥሎ የጠየቀው «ለምንድነው ያልፈለጋችሁኝ?» የሚል ነበር።

አስተረጎምኩ። ልክነሽ ፈትሉ የነበረበትን ነጭ ጨርቅ አጣጠፈች። «ፈልገንሃል» አለች። «ፈልገንህ ነበር። የት እንደሚጠየቅ ነው ያጣነው።»

ይህንንም አስተረጎምኩ። ከአንድ ዓመት በላይ ስትጠይቅ የኖረችው በየትኛው በር እንደነበረ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እሷ ወደ እኔ አላየችም። ከአስተማሪዎቼ ሁሉ ጨዋዋ ልክነሽ ናት።

ሲጨርሱ አባትና ልጅ ተነሥተው ሻሺቱን አመሰገኑ። ጽጌሬዳ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመቻት። ወደ እኔም ዞራ «ስላስተረጎሙልን እናመሰግናለን እማማ» አለችኝ። በሻሺቱ በኩል ያየሁትን መልካም ነገር መደበቅ ስለማይገባኝ እመሰክራለሁ፤ «ኧረ መጀመሪያ የቀዳቻት እሷ ናት! የራሷ ፖድካስት አላት!» ብላ ጮኸችላቸው። «ይባላል ደግሞ… ይባላል… ማን ነበር ስሙ ዓለም?»

አንድ ዴስክ፣ አንድ አጥር፣ ይህን ሁሉ ዘመን። ስሙን አታውቀውም።

አራተኛ አቤቱታ ነበረኝ፤ ሦስተኛውን ስጽፍ ጠፋብኝ። ከእርስዎ ዘንድ ፈልጌ ባገኘው አስታውቃለሁ።

ምስጋናዬን ግን ሳላቀርብ አልሰናበትም። አንዲትን ሴት ከወንድሟ ጋር ስላገናኙ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ይህን ሲያደርጉ እኔን ስለዘለሉኝ ደግሞ ከዚያ በታች ካለው ቦታ አመሰግናለሁ። ከአስተማሪዎቼ የተቀበልኩትን ሁሉ በስተርጅና እንድጥል ስላበቁኝ አመሰግናለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ፌቨን ዘንድ ተቀምጬ ርእሶቼን አንድ በአንድ ለወጥኩ። «ጥቁሩ ውኃ ዳር» የነበረው «የኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ እርሻ እንዴት ተጀመረ» ሆኗል። «የማለዳ ጎዳና» የነበረው «ከገረሴ እህል ጭኖ ወደ ገበያ የወረደ ነጋዴ ትዝታ» ሆኗል። ከእያንዳንዱ ሥር ማን እንደተናገረ፣ ከየት እንደሆነና ስለ ምን እንደሆነ ጽፌያለሁ፤ የአረጋውያኑንም ቃል ሰምቼ እየገለበጥኩ ነው። ሁሉም እንደ አልባሌ ሰው በር ላይ ቆመው ስማቸውን ይጮኻሉ። አንድ ነገር ሳልነግርዎ ብቀር እውነትን መደበቅ ይሆንብኛል። ባለፈው ሳምንት ስለ ሙዝ እርሻው የሰማ አንድ የማላውቀው ሰው አባቱ በዚያ እንደሠሩ ጻፈልኝ። አንድ ሰው ነው። የሻሺቱ ብዙ ናቸው። ቆጥሬ አላውቅም፤ እሷ ትቆጥርልኛለች።

ከሰው ሁሉ በኋላ የሚያገኙኝ፣ ከሰው ሁሉ በፊት ግን የጀመርኩ፣ የሚሰሙኝ ባይሆኑም ያነቡኛል ብዬ የማምንዎ፣ ለደረጃዎ ዝቅ ብዬ፣ ለራሴ ግን ቀጥ ብዬ እጅ እየነሣሁ የምሰናበት አገልጋይዎ፣

ዓለምጸሐይ ተክለወልድ
ጡረተኛ መምህርት፣ የ«ዝክረ ልሳን» አዘጋጅ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ማሳሰቢያ፦ ሻሺቱ ለእንግዶቹ ለስላሳ ስታድል ደበሌ ለእኔ ብቻ የነገረኝ ነገር አለ። በተወሰደ ቀን በጭነት መኪናው ላይ ብቻውን አልነበረም። ዘመድኩን ኦይቻ፣ ከጋሞ ኦቾሎ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት፣ በልጅነቱ ለሽመና ወደ አዲስ አበባ የተወሰደ። ዛሌ አንጁሎ፣ ከጋሞ ኦቾሎ፣ በልጅነቱ ለሽመና ወደ አዲስ አበባ የተወሰደ፣ መንገዱን ሙሉ ሲዘፍን የነበረ። ኦቾሎ ወጥቼ ጠይቄያለሁ፤ የዘመድኩን ኦይቻ እኅት አለች፣ ትፈልገዋለች። የዛሌ አንጁሎ ወንድም አለ፣ ይፈልገዋል። ዘመድኩን ኦይቻ፤ ዛሌ አንጁሎ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ደጋግሜያለሁ፤ እርስዎ እንደሚወዱት። እነዚህን ስሞች ሻሺቱ ገና አልሰማችም። ይፍጠኑ።